ቀይ ይሁን ካላችሁ ይኸው ቀይ

ልጄ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ መጥታ ደብረ ብርሃን ቤቴ ሰነበተች። ሥራዋ የስልክ አፕ መሥራት ነው፤ ለዕረፍት መጣሁ ብላ እንኳ ኮምፒውተሯን ዘርግታ ትውላለች። እኔ ደግሞ ሰው ሲሠራ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንልኝም፣ ከጀርባዋ እቆማለሁ። አፑ ከግርጌው በተርታ የተደረደሩ ትንንሽ ስዕሎች አሉት፤ ቤት፣ ደወል፣ ቦርሳ፣ የሰው ራስ። እኔም ስልኬ ላይ ጭኜዋለሁ። ደወሉ ብርቱካን፣ ቦርሳው አረንጓዴ ስለነበር መነጽሬን ሳላደርግ እንኳ ቦርሳውን አልስተውም ነበር። ያን ዕለት ግን አንድ በአንድ እየነካች ሁሉንም አመድማ አደረገቻቸው።

«ምን አድርገውሽ ነው?» አልኳት።

«አለቃዬ ሁሉም አንድ ቀለም ይሁን ብሏል። ለዓይን ያምራል።»

«እና እኔ ቦርሳውን ከደወሉ በምን ልለየው?»

«ስዕሉን አይተሽ ነዋ!»

«ካልታየኝስ?»

«ኧረ እማዬ! ስለ አፕ ቀለም ደግሞ ምን አገባሽ?»

ምን አገባሽ! ይቺን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ፀጉሬ ሸብቶ፣ የልጅ እናት ሆኜም ይፈላል። ያገባኛል እንጂ! አሥር ጊዜ ያገባኛል! ኮምፒውተሩን ክደኚልኝ አልኳትና አጠገቤ አስቀምጬ ይሄንን ነገርኳት።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ገና ኮረዳ ነኝ፤ አንኮበር አጠገብ ጎረቤላ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀጥሬ እሠራለሁ። ጤና ጣቢያው አንድ ረጅም በረንዳ ነበረው፤ በረንዳው ላይ በተርታ ስድስት በሮች አሉ። ዓይን፣ ጥርስ፣ ሕፃናት፣ ቁስል ማጠቢያ፣ መድኃኒት መስጫ፣ መጨረሻ ላይ ሳንባ። በየበሩ ላይ በጽሑፍ ተለጥፏል። ማን ያነበዋል? መሠረተ ትምህርት ገና ወደ ቆላው አልወረደም። ሰዉ በረንዳው ላይ ይርመሰመሳል። አንድ ገበሬማ ዓይኑን ሊያሳይ መጥቶ የጥርስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኖሮ፣ ጉጠቱ አፉ ውስጥ ሊገባ ሲል ነው ጮኾ ያመለጠው።

ከዚያ በኋላ ኃላፊያችን ጠራኝና «አንቺ ስዕል ትሞክሪያለሽ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለኝ። እሞክራለሁ። ስድስት አራት ማዕዘን ቆርቆሮ አስቆርጬ፣ ነጭ ቀባኋቸውና በየአንዳንዱ ላይ ሳልኩ። ዓይኑን ቢጫ፣ ሕፃኑን አረንጓዴ፣ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ጥቁር፣ የቁስሉን ፋሻ ቀይ አደረግኩ። ጥርሱን ግራጫ ቀባሁት፤ ገበሬዎቹ እንደ በሬያቸው «ዳለቻው» አሉት። ሳንባ ምን እንደሚመስል በደንብ ስለማላውቅ ሁለት ቅጠል ጎን ለጎን አድርጌ ሰማያዊ ቀባሁት። የዘበኛችን ሚስት አይታ «ጎመን ነው እንዴ?» አለችኝ። ትበል! ሰዉ እንደሆነ ስዕሉን አያይም። የአንኮበርን ጉም ያየ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት ከግቢው በር ቆመህ በረንዳውን አታየውም፣ ቀለሙ ግን ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላል። «ቢጫው ጋ ሂድ»፣ «አረንጓዴው ጋ ሂጂ» ይባባላሉ፣ አለቀ።

ሰማያዊው ግን ከሌሎቹ የተለየ ጥቅም ነበረው። ያኔ የሳንባ በሽታ ስሙ አይጠራም። «ያ ክፉ ሳል» ይባላል፣ እሱም በሹክሹክታ። ያለበት ሰው ከታወቀ በጽዋው የሚጠጣ የለም፣ ልጁን የሚያገባለት የለም። ሰማያዊውን በር የሚፈልግ ሰው ማንንም አይጠይቅም ነበር። ቀለሙን አይቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ መርፌውን ተወግቶ ውልቅ ይላል።

ከነሱ አንዷ ከአሊዩ አምባ የመጣች በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ረጅም፣ ጠይም፣ ጣቶቿ በበርበሬ የቀሉ ሴት። እትዬ እላታለሁ፤ አንቱ ስላት ግን «አታስረጂኝ!» ብላ ትቆጣለች። መርፌው በየቀኑ ስለሆነ ከአሊዩ አምባ እየተመላለሰች ዳገቱን አትችለውም። ስለዚህ ጎረቤላ ዘመድ ቤት ተጠግታ፣ በርበሬ ልሸጥ ነው የመጣሁት ብላ ለአገሩ ሁሉ አውርታ፣ ጠዋት ተወግታ ወደ ገበያዋ ትሄዳለች። ሲያስላት እጇን እያራገበች «በርበሬው ነው!» ትላለች። ሰውም «አዎ፣ በርበሬ እኮ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ብልሃት አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ካርዷን ስሰጣት ወደ መስኮቴ ጠጋ ብላ «ልጄ ታጭታለች። ወንዱ ከጥሩ ቤት ነው። ኒካሁ እስኪታሰር ድረስ ይሄ ነገር ካልተሰማ፣ ከዚያ በኋላ አላህ ያውቃል» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ በበረንዳው ስታልፍ እኔ ነኝ ትንፋሼን የምይዘው።

በዚህ መሀል ቀዩ ጓድ መጣ። ከደብረ ብርሃን የተላኩ ሁለት ካድሬዎች ነበሩ፤ ሕዝቡ አንዱን ጥቁሩ ጓድ፣ አንዱን በመልኩ ቅላት ቀዩ ጓድ ይላቸዋል። የአብዮት በዓል ደርሷል፣ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ቀዩ ጓድ በረንዳውን ቃኝቶ መጥቶ ነበርና ጣቱን ወደ ውጭ ቀስሮ «ያ ዝንጉርጉር ነገር ምንድን ነው? የአብዮቱ ቀለም አንድ ነው። ሁሉም ቀይ ይሁን!» አለ።

እጄን አወጣሁ። ኃላፊያችን ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፤ አልሰማሁትም።

«ጓድ፣ ሰዉ በሩን የሚለየው በቀለሙ ነው» አልኩ።

«የሰፊው ሕዝብ ንቃት ከፍ ብሏል፣ ጓዲት።»

«ንቃቱማ ከፍ ብሏል፤ በሩን ነው የሚያጣው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቅ አፈነው። ጓዱ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «አንቺ የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ ይታይብሻል» አለኝ። እኔ ያለኝ አንድ ቀሚስና አንድ ሹራብ ነው! «እንግዲያው እኔ አልቀባም» ብዬ ቁጭ አልኩ። ለካ እኔም አላስፈልግ ኖሯል፤ የወጣት ማኅበር ልጆች ቀይ ቀለም በቆርቆሮ ይዘው መጥተው፣ እየዘፈኑ በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። ዓይኑም ቀይ፣ ጥርሱም ቀይ፣ ጎመን የተባለው ሳንባም ቀይ ሆነ።

በማግስቱ ጉም ነበር። አቤት የነበረው ትርምስ! በጉሙ ውስጥ ስድስት ቀይ ነገር ይታያል፤ የቱ የቱ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የታመመ ሕፃን ያዘለችው ቁስል ማጠቢያ ተሰልፋ ረፈደባት። ያለው መፍትሔ ዘበኛውን መጠየቅ ነው። ዘበኛችን ደግሞ የድሮ ወታደር ነው፤ አንድ ጆሮውን መድፍ ስላደነቆረው ሰው ሁሉ ደንቆሮ ይመስለዋል። ደግ ሰው ነው፣ ግን ሲናገር አገር ይሰማል።

በርበሬ ነጋዴዋ መጣች። በየጠዋቱ ሰማያዊውን ብቻ ተከትላ ስለምትገባ በሮቹን ቆጥራቸው አታውቅም፤ በረንዳው መሀል ቆመች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች። ከመስኮቴ እጄን ሳወዛውዝላት አላየችኝም። በየጠዋቱ ስትገባ የሚያያት ዘበኛ ግን አያት። «ምን ፈልገሽ ነው እናቴ? ሳንባ ነው? ሳንባ ከሆነ መጨረሻው ነው! የሳንባው መጨረሻው!» እያለ በዚያ ድምፁ ለቀቀው። ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። እሷ «ኧረ መንገድ ተሳስቼ ነው» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ወጣች።

በነጋታውም አልመጣችም። ከዚያም አልመጣችም። ነርሷን ብጠይቃት «መርፌው ከተቋረጠ በሽታው አገርሽቶ ይገድላታል» አለችኝ። ያን ጊዜ የተናደድኩትን ንዴት ዛሬም አፌ ላይ አለ። ለአንድ ቀለም! ለበዓል ማድመቂያ!

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ከበርበሬ ጆንያዋ ጀርባ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ከስቷል።

«እትዬ፣ ምነው ጠፋሽ?»

«ቀስ በይ! ሰው ይሰማል።» አሳላት። አጠገቧ ያለችው ሽንኩርት ሻጭ ዞር ስትል «በርበሬው ነው!» አለች፤ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ደግሞ «አልመጣም። በሰማያዊው ጊዜ ማንም ሳይጠይቀኝ እገባ ነበር። አሁን ያ ሰውዬ አንዴ አፉን ቢከፍት አሊዩ አምባ ድረስ ይሰማል። ልጄ ቆማ ከምትቀር እኔ ልሙት» አለችኝ።

«አትሞቺም!»

«ወላሂ አልመጣም።»

እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንዲት ገዢ መጣችና ሽንኩርት ሻጯን «ቀይ ሽንኩርት ስፈሪልኝ» አለቻት። ሻጯ እፍኝ አድርጋ አነሳች። አየሁት፤ ልጣጩ ወይን ጠጅ ነው።

«ይሄ ነው ቀይ?» አልኳት ሳላስበው።

ሻጯ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ታዲያ ነጭ ሽንኩርት ነው? ምን ሆነሻል አንቺ?»

እዚያው ገበያ መሀል ሳቄ መጣ። ዞር ስል ቀይ ጤፍ ይሸጣል፤ መልኩ ቡናማ ነው። ጫማዬ ላይ ቀይ አፈር አለ፤ እሱም ወደ ብርቱካን ያደላል። ቀዩ ጓድ ራሱስ? ቀይ ሰው ነው የሚባለው፣ ግን ማን ነው ባንዲራ የመሰለ ሰው ያየ? የእናቴ ቋንቋ ይሄን ሁሉ ቀይ አዝሎ እየዞረ፣ እኔ ለአንድ ቆርቆሮ ቀለም ላለቅስ ነበር!

የነጋዴዋን እጅ ያዝኩ። «እትዬ፣ ሰኞ ነይ። ሰማያዊውን እርሺው። ያንቺ በር በርበሬው ነው።»

«የምን በርበሬ?»

«መጥተሽ እዪው። በሩቁ ካልለየሽው ከግቢው በር ተመለሺ፣ አልቀየምሽም።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባሁ። የወጣቶቹ ቀይ ቀለም ተርፏል። የእኔም ድሮዎቹ ቢጫና ሰማያዊ፣ ጥቁርና ነጭ በየቆርቆሯቸው አሉ። የደረቀውን ልባስ በእንጨት ገፍፌ፣ በአኳራጅ አቅጥኜ ማደባለቅ ጀመርኩ። ቀዩ ላይ ሰማያዊ ስጨምርበት ሽንኩርት ሆነ፤ እሱን ለዓይን ሰጠሁት፣ ሽንኩርትና ዓይን እንደሆኑ ይተዋወቃሉ። ጥቁርና ቢጫ ሲገባበት ጤፍ ወጣው፤ ለጥርስ። ቢጫ ብቻ ሳበዛበት አፈር ሆነ፤ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ቀባሁበት። የቁስሉን ፋሻ እንደነበረ በባንዲራው ቀይ ተውኩት። ነጭም ቢጫም ጨምሬ፣ ጥቁር ጠብ አድርጌ የቀይ ሰው መልክ አወጣሁና ሕፃኑን ቀባሁት። ሳንባውን ግን ሦስቴ ቀብቼ ሦስቴ ጠረግኩት፤ ደርቆ የጠቆረ የዛላ በርበሬ እስኪመስለኝ ድረስ።

ዘበኛው መጥቶ «ምን እየሠራሽ ነው?» አለኝ።

«ቀይ እየቀባሁ!» ብዬ በጤናማው ጆሮው በኩል ጮኽኩ።

«ጎሽ!» ብሎኝ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ሰልፉ ግቢውን ሞልቶታል። የቆላ ሰዎችም ወጥተዋል፤ ከነሱ መሀል ከአሊዩ አምባ የመጡ እንዳሉበት በአነጋገራቸው አወቅኩ። በርበሬ ነጋዴዋ ከግቢው በር ቆማ አየኋት። ቀና ብላ በረንዳውን አየች፣ ዓይኗ መጨረሻው በር ላይ አረፈ። ፈገግ አለች። መራመድ ስትጀምር ግን ቀዩ ጓድ ከኋላዋ ገብቶ ቀድሟት መጣ፤ ለእንግዶቹ ዝግጅት ሊያይ ነው። ስዕሎቹን ሲያይ ባለበት ቆመ።

«ማነው ይሄን ያደረገው?»

ከካርድ ክፍል ወጣሁ። «እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«ቀይ ይሁን አላልኩም?»

«ብለዋል። ይኸው ቀይ።»

«ይሄ ወይን ጠጅ ነው!»

«ይሄማ ቀይ ሽንኩርት ነው። ቤትዎ ወይን ጠጅ ሽንኩርት ግዙ ይባላል እንዴ?»

ሰልፉ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳ። ጓዱ ወደ ጥርሱ ሄደ። «ይሄስ?»

«ቀይ ጤፍ።»

«ይሄስ?»

«ቀይ አፈር። የቆሙበት ነው፣ ጓድ።»

ሕፃኑ ጋ ደረሰ። እጁን ዘርግቶ «ይሄ እንኳ ቀይ ነው ልትይኝ ነው? በምን በኩል ነው ይሄ ቀይ?» አለ። የዘረጋው እጁና ስዕሉ ጎን ለጎን ሆኑ፤ መልካቸው አንድ ነው። አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ «ኧረ እሳቸውን ራሳቸውን!» ሲሉ ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ጓዱ እጁን ቶሎ ብሎ ኪሱ ከተተው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከፋው። «በአብዮቱ ላይ እያሾፈች ነው! ዘበኛ፣ ይቺን ወደ ቀበሌ ውሰዳት!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ወዲያው ቆመ። ያኔ ቀበሌ መግባት ቀልድ አይደለም፤ ገብተው ያልወጡ ሰዎች አውቃለሁ። አፌ ግን አልከዳኝም።

«እሄዳለሁ! መጀመሪያ ግን የትኛው ቀይ እንዳልሆነ ይንገሩኝ!»

«ምን አጠፋች?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። በርበሬ ነጋዴዋ ናት። ዝም በይ፣ እትዬ፣ ዝም በይ።

ጓዱ ዞረባት። «አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ? ምን ልትታከሚ ነው የመጣሽው?»

ይቺን ጥያቄ ለመሸሽ ነው ያ ሁሉ ልፋት። ሰልፈኛው ሁሉ አፍ አፏን ያያል፣ የአገሯ ሰዎችም ያያሉ። ጥርሷን ነው ብዬ ልዋሽላት አፌን ስከፍት ሳሉ መጣባት፤ ጎንበስ ብላ ሳለች፣ ሳለች። «በርበሬው ነው» እስክትል ጠበቅኩ።

ቀና አለች። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገፈፈችው።

«ሳንባዬን ነው! ሰማችሁ? ሳሌ በርበሬ አይደለም፣ ሳንባዬ ነው። ያ ስዕል ነው በርበሬው! ዕድሜዬን ሙሉ በርበሬ ሸጬ ቀይ አይደለም ያለኝ ሰው የለም። የታመመው ሳንባዬ ነው እንጂ ዓይኔ ደህና ነው!»

እሷ እጅጌዋን እየጠቀለለች በመሀላችን አልፋ፣ በረንዳውን ዳር እስከ ዳር ሄዳ፣ በርበሬው ሥር ገባች። በሩን እንኳ አልዘጋችውም።

ጓዱ «ዘበኛ! ወደ ቀበሌ አልኩህ!» አለ እንደገና።

ዘበኛችን የደነቆረውን ጆሮውን አዙሮ «ምን አሉ፣ ጓድ? ይሄኛውን ጆሮዬን እኮ መድፍ በልቶታል» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በለሰለሰ ድምፅ። ያ ሽማግሌ «በሉ እኔ ጥርሴ ነው፣ ጤፉ ጋ ልሂድ» ብለው ተነሱ። አንዷ ሽንኩርቱ ጋ፣ አንዱ አፈሩ ጋ፣ ሰልፉ ማንንም ሳይጠይቅ በየበሩ ገባ። ጓዱ «እናያለን!» ብሎኝ ወጣ። በበዓሉ እንግዶቹ መጥተው በረንዳውን አይተው «ሁሉም ቀይ ነው፣ በጣም ጥሩ» ብለውት ስለሄዱ፣ የሚያየው ነገር ሳይኖር ቀረ።

እኔ ግን ደስ አላለኝም። ስለ ኒካሁ ልጠይቃት አልደፈርኩም። በየጠዋቱ እየመጣች ትወጋለች፣ እኔ ካርዷን እየሰጠሁ አንገቴን እደፋለሁ። ወሬው አሊዩ አምባ መድረሱን ሰምቻለሁ፤ የወንዱ ቤት ዝም ብሏል አሉ። መርፌዋን ልትጨርስ ትንሽ ሲቀራት ግን አንድ ጠዋት መስኮቴ ላይ ክንዷን ደገፍ አደረገች።

«ትናንት የወንዱ እናት ገበያ መጣች» አለችኝ።

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

«ምንም። ጆንያው አጠገብ ቁጭ አለች። ከዚያ አሳላት። እጇን አራገበችና ‹በርበሬው ነው› አለችኝ።»

ተያየን።

«ቀና ብዬ ሳያት ወደ ጆሮዬ ተጠጋችና ‹የትኛው በር ነው?› አለችኝ። ነገ ይዣት እመጣለሁ። ኒካሁ እሷ መርፌዋን ስትጨርስ ነው፣ ኢንሻአላህ።»